የግመል ጥብስ በገዳሪፍ

ዛሬ ሁሉም በሩን ዘግቶ በሚበላበት ከተማ ስኖር ያደግኩባት የሱዳኗ ገዳሪፍ ንትርክ ይናፍቀኛል። አባቴ «ግመል ሰኮናው አልተሰነጠቀም፤ ኦሪት ከልክሎታል» ይላል። ጴንጤዋ ጎረቤታችን ደግሞ «በክርስቶስ ሁሉም ነጽቷል! ክልክሉንም ጾሙንም ተወው እንጂ ወንድሜ» ትለዋለች። ሁለቱም ያንገሸግሹኝ ነበር።

አንድ ቀን እንደልማዳቸው ደጃችን ላይ ሲነታረኩ፣ ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን የግመል ጥብስ በሳህን ይዛ መጣች። «ተፈደሉ፣ ብሉ» አለችን። ጴንጤዋ ሳህኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠና «ይቅርታ እህቴ፣ ዛሬ ጾም ነው» አለቻት። ያቺ ጾም የምታጣጥል ሴት! አሁን አበቃላት ብዬ አባቴን አየሁት። እሱ ግን ኮስተር ብሎ፣ «አዎ፣ ሮብ አይደል? ሁላችንም እንጾማለን» አለ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር።