ጤና አዳም ተብሎ የተዘራው

የመጨረሻው ደህና ቀን ዓርብ ነበር። ኩዌት ውስጥ ከምሠራበት ከማንጋፍ አውቶቡስ ይዤ አሕመዲ ደረስኩ። እኅቴ ተቀጥራ የምትኖርበት ቤት በጎን በኩል ትንሽ የብረት በር አለው። ኮሮና ከገባ ወዲህ እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ ሆነን በፍርግርጉ ነበር የምንጫወተው። ያን ቀን ግን ሳላንኳኳ ከፈተችልኝ።

«ግባ ማሙሽ። ማዳም ፈቅዳለች። ያ ነገር ደርሷል፤ ና እየው» አለችኝ።

አጥሩ ሥር የዘራችውን ተክል ማለቷ ነው። ስም ስላላገኘንለት «ያ ነገር» ነበር የምንለው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ባለፈው የሙቀት ወራት እኅቴን ኮሮና ይዟት ነበር። ዳነች፤ ማሽተት ግን አልተመለሰላትም። እማዬ ይህን ስትሰማ ወደ ኩዌት በሚመጣ ሰው ሁለት ቋጠሮ ላከችላት። አንዱ የጤና አዳም ዘር ነው፤ ዝሪውና ቅጠሉን ጠዋት ማታ አሽትቺ፣ አፍንጫሽን ይከፍተዋል ብላ። ሌላው ለዳቦ የሚሆን ጥቁር አዝሙድ ነው። እማዬ መጻፍ ስለማትችል፣ የጎረቤት ተማሪ ልጅ ናት ወረቀት ላይ ጽፋ በየቋጠሮው ያሰረችው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ደቃቅ ናቸው። አብሮ የተላከው በርበሬ ፈስሶ ሁሉንም በርበሬ በርበሬ አሰኝቶታል። ለነገሩ ለእኅቴ ቢሸትም ባይሸትም አንድ ነበር።

ጤና አዳም የሚለውን ዘራች። ጥቁር አዝሙድ የሚለውን ወቅጣ፣ ማዳም ስትጠይቃት የከረመችውን ዳቦ ጋገረች። ማዳም አንዴ ገመጠችና አስቀመጠችው። ልጆቹ ተፉት። ይመራል አሉ። ማዳም አልተቆጣችም። ከዒድ በኋላ ሌላ አብሳይ አመጣለሁ፣ አንቺ ልጆቹን ትይዣለሽ አለቻት እንጂ። እኅቴ በዚያ ወጥ ቤት ዘጠኝ ዓመት አብስላለች። በስልክ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «እጄ ከዳኝ» ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ ጨው ለመጨመር እንኳ ትፈራ ጀመር። ተስፋዋ ሁሉ የዘራችው ጤና አዳም ላይ ሆነ።

የበቀለው ግን ጤና አዳም አልነበረም። ቅጠሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። እማዬ በቪዲዮ አይታ እንስላል ነው አለች። ጎረቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ ድንብላል ነው፣ ካልሆነ ምላሴን ቁረጪው አለች። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ አበባ ሲያወጣ ደግሞ፣ ምላሴን ለጊዜው ተይልኝ ብላ ተመለሰች። እኔም በየሳምንቱ የምትልክልኝን ፎቶ የምሠራበት ሱቅ ለሚገባ ሐበሻ ሁሉ አሳይ ነበር። ማንም አላወቀውም። እኔ ደግሞ እንደ ኳስ ውጤት ነበር የምጠብቀው።

ያን ዓርብ አበባው ረግፎ ፍሬው ደርቋል። የተነፋ፣ አናቱ ላይ ቀንድ ቀንድ ያወጣ ፍሬ ነው። አንዱን ቀጥፌ መዳፌ ላይ ሰበርኩት። ጥቁር ዘር ፈሰሰ።

«ያው የዘራሁት ነው እኮ» አለች። ቅር አላት። ዘሩ ምንም አዲስ ነገር አልነገራትም።

ማስኬን ዝቅ አድርጌ ጥቂቱን በጣቶቼ መሀል ጨፈለቅኩ። አሸተትኩ። ደግሜ አሸተትኩ። ሱቃችን ይህን በፓኬት ይሸጣል፤ በኮሮና ጊዜ መድኃኒት ነው ተብሎ መደርደሪያ ላይ አይውልም ነበር። ፓኬቱ እየተቀደደብኝ ስንት ጊዜ ከወለሉ ላይ ጠርጌዋለሁ።

«እታለም፣ ይኼ ጥቁር አዝሙድ ነው።»

«ሂድ ከዚህ። ስበላው አድጌ ጥቁር አዝሙድ ይጠፋኛል?»

«ዘሩን ነዋ የምታውቂው። ተክሉን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየችም። እኔም አላየሁም። እኛ ቤት ከገበያ ተገዝቶ ነው የሚገባው። እንዴት ነው የሚሸተው፣ ንገረኝ አለች። ሽታን በቃል መናገር እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። በርበሬ የሚፈጭ ቀን፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ሰዉ ሁሉ ሲያስነጥስ... ከበርበሬው ኋላ የሚመጣው፣ አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ከዚያ ገለጠችው።

«ታዲያ ዳቦው ውስጥ የከተትኩት ምንድን ነው?»

ተያየን። ለእማዬ የጻፈችላት ልጅ ወረቀቶቹን አቀያይራ ነው ያሰረችው። ማዳም የገመጠችው የጤና አዳም ፍሬ ነው። እኅቴ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እጄ አይደለም፣ እጄ አይደለም እኮ እያለች። ከዚያ ዘሩን በመዳፏ ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች። ማዳም አሽትታ ጥቁር አዝሙድን በዐረብኛ ስሙ «ሐበት ሰውዳ» ስትል በመስኮቱ ሰማኋት፤ ቀጥሎ የሁለቱን ሳቅ። እኅቴ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ዳቦውን በዚሁ ዘር ነገ እንደገና ልትጋግር ነው። የሌላ አብሳይ ወሬም ቀርቷል። ለእማዬ ልደውል ስል ስልኬን ነጠቀችኝ።

«እኔ ነኝ የምነግራት። ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ እያሳየኋት ነው የምስቅባት። አንተ አፍህን ያዝ።»

የሰዓት እላፊው ሳይደርስብኝ ተመለስኩ። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ቅዳሜ ሊጡን አቡክታ እንደጨረሰች ወደቀች። ሆስፒታል ስደርስ ልቧ ነው አሉኝ። አልፋለች። ከዚያ በላይ የነገሩኝን አላስታውስም። አገር ቤት ለአጎቴ ብቻ ደወልኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ነገ በጠዋት ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ አለኝ። ግን ነገ እሑድ ነው፣ እናትህ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እኛ እስክንደርስ በስልክ አቆይልን አለ።

በማግስቱ ጠዋት ለእማዬ ደወልኩ። ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ ቶሎ በል አለችኝ። ያ ተክል ታወቀ አልኳት። እስቲ ንገረኝ ብላ ቆመች። ከዓርብ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀንዱን፣ ሽታውን፣ የማዳምን ዳቦ። እየነገርኳት በእውነት ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህ እስካሁን አይገባኝም። እማዬ ሳቀች። የጻፈችው የጎረቤት ልጅ ናት፣ እኔ የለሁበትም አለች። ደግማ ሳቀች።

«ታዲያ ሁለተኛው ዳቦ እንዴት ወጣላት?»

«ገና ነው እማዬ። ሊጡን አቡክታዋለች።»

«ቆይ፣ ሰው መጣ» አለች። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። «አጎትህ ነው። ደግሞ ከነማን ጋር ነው?»

ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አላነሣሁትም።