አጥር ማዶ የሚሰማው ራዲዮ

ወላጆቼ ቢቸና ባለው ቤታቸው ራዲዮ አላቸው፤ ድምፁ ግን የሚሰማው ከአክስቴ ቤት ነው። ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ የምቀልድ ይመስለዋል።

ራዲዮውን የገዛሁት እኔ ነኝ። የማስተምረው ሞጣ ነው፤ አንድ ባልደረባዬ ወደ አገሩ ሲዛወር ዕቃውን ሲሸጥ ባለ ሁለት ስፒከሩን ስቴሪዮ አየሁና አባቴ ትዝ አለኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዝምታው በዝቶብን ነበር። አንዱን ስፒከር ጭኔ ላይ፣ ሌላውን እግሬ ሥር አድርጌ በሚኒባስ አመጣሁለት።

አባቴ አንቴናውን ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ሰቀለ። ቀጥሎ ያላሰብኩትን አደረገ፤ ሽቦ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አንዱን ስፒከር ታላቅ እህቱ ቤት አስቀመጠ። አክስቴ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ማታ ማታ እሱ ይከፍታል፤ እሳቸው በአጥሩ ላይ ከፍ አድርገው፣ ዝቅ አድርገው እያሉ ያዙታል። ደስ ይል ነበር።

ከዚያ በባሕር ዛፍ ተጣሉ። አባቴ ከአክስቴ ግቢ ጣራችን ላይ ያዘመመውን ዛፍ ሳይጠይቃቸው ቆረጠው፤ ለካ ሟቹ ባላቸው የተከሉት ኖሯል። ሁለቱም ካሉት የማይመለሱ ሰዎች ናቸው፤ መነጋገር አቆሙ። ሽማግሌ ሲላክ እሱም እሳቸውም አልተጣላንም ብለው መለሱ። ሽቦውን ግን የነካው የለም። እናቴ በስልክ ባገኘችኝ ቁጥር አንዳቸው ሳይታረቁ ቢሞቱ ምን ይውጠኛል እያለች ታለቅስብኝ ነበር።

በዚህ መሐል መብራት ሄዶ ሲመጣ የኛ ስፒከር ተቃጠለ። እናቴ ያኛውን እናምጣው ብትለው የሰጠሁትን አልቀማም አላት። እና ምን ያደርጋል? ማታ ራዲዮውን ይከፍትና ጣቢያው በደንብ ሲያዝ የምትበራዋን ቀይ መብራት እያየ ያስተካክላል። ከዚያ ጋቢውን ደርቦ ይወጣና አጥሩ ሥር ቆሞ የራሱን ራዲዮ ያዳምጣል። መጀመሪያ ሳየው ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም።

ጣቢያው ሲሸሽ አክስቴ ለድመታቸው ይነግሯታል። አንቺ፣ ዛሬስ ይኼ ነገር ምን ነክቶት ነው የሚንጫጫው ይሏታል፣ አጥር ማዶ እንዲሰማ አድርገው። አባቴ ሮጦ ይገባና በጣቱ ትንሽ አዙሮ ይመለሳል። ድመቷ ስለ ራዲዮ ይሄን ያህል የሚገዳት አይመስለኝም።

በሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ ከአንድ የሞጣ ራዲዮ ጠጋኝ ተመሳሳይ ስፒከር አግኝቼ ይዤ መጣሁ። አባቴ አገላብጦ አየውና ነገ ይገጠማል አለ፤ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። ተናደድኩ፤ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሜው መጥቻለሁ። እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ “ይኼ ከተገጠመ አጥሩ ሥር ምን ብሎ ይቆማል?” አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ያን ዕለት ማታ ዝናብ ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ከፈተ፣ ቀይዋን መብራት አየ፣ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት። ገና አጠገቡ ሳልደርስ የአክስቴ ድምፅ መጣ። በዚህ ጊዜ ለድመቷ አልነበረም።

“አንተ፣ ዝናብ እየመታህ ነው። ግባና ስማ።”

አባቴ ወደ እግሩ አየ።

“ጫማዬ ጭቃ ነው፣ እትዬ” አለ።

“አውልቀህ ግባ።”

በራቸው ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። ወደ ቤት ስመለስ እናቴ አዲሱን ስፒከር ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ እየሰቀለች ነበር፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

ጥቂት ቆይቶ ማዶ ራዲዮው መንጫጫት ጀመረ። አባቴ ከዚያው ሆኖ ስሜን ጠራና ትንሽ ወደ ግራ አዙሪው አለኝ። ከሰጠሁት ወዲህ ራዲዮውን ነክቼው አላውቅም፤ አያስነካኝም ነበር። ቀይዋ መብራት እስክትበራ ቀስ ብዬ አዞርኩት።

“ያዘ?” አልኩ በመስኮት።

“ያዘ” አሉ ሁለቱም እኩል።