ቅበላ ዕለት የታረደው በሬ ልብ

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሰው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ሲል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ምቀኛው እኔ ነበርኩና።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። የዝና የምትባል ልጅ ከእኔ ስድስት ዓመት ዘግይታ ተቀጠረች። ናሙና አቆራረጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ የተመረጠችው ግን እሷ ሆነች። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

ጥናቷ የበሬን የልብ ጡንቻ በኤም አር አይ መለካት ነበር። ማሽኑ አዲስ አበባ ነው፤ የተፈቀደላትም ለአንድ ቀን ብቻ። የዐቢይ ጾም ቅበላ ዕለት ከቄራ ትኩስ ልብ አምጥታ በስድስት ጠርሙስ ከፋፈለችው። ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ በሬ የሚጥልልን የለም።

"ትኬት ቆርጬ እስክመጣ፣ አደራ ጋሼ" ብላኝ ወጣች።

ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ቅናት ነው። ፎርማሊን አንስቼ ሦስቱ ጠርሙሶች ውስጥ ጨመርኩ። ፎርማሊን ሥጋ እንዳይበሰብስ ያደርጋል፤ ግን ማሽኑ የሚያነበው የሥጋውን ውሃ ነው፣ እሱን ይለውጠዋል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። አራተኛውን ልከፍት ስል ኮቴዋን ሰማሁ።

ሽታው ወዲያው ነገራት። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

"ምነው ጋሼ?"

"መንገዱ ሩቅ ነው፣ እንዳይበላሽብሽ ብዬ።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ለእኔው ብለህ ነው፤ ምን ይደረግ" አለችና ስድስቱንም በበረዶ ይዛ ሄደች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከፋሲካ በኋላ ተመለሰች። ያው አንድ ልብ፣ ግማሹ ትኩስ፣ ግማሹ ፎርማሊን የነካው፤ ጎን ለጎን ሲለካ ውጤቱ ለየቅል ሆኗል። መምህሯም "ናሙና አዘገጃጀት ልኬቱን እንዴት እንደሚለውጥ፣ ጥናትሽ ይኸው ይሁን" ብለዋታል።

ጥናቷን ያቀረበች ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። "ይህን ያገኘሁት ጋሼ ስላሰበልኝ ነው" ብላ ከመቀመጫዬ አስነሳችኝ። ሰው አጨበጨበልኝ። እኔም እጅ ነሳሁ።

ዛሬ እሷ አስተማሪ ናት፤ እኔ ያንኑ ጠርሙስ አጥባለሁ። እውነቱን አልነገርኳትም። አፍራለሁ፤ ቢሆንም ስሟ ሲነሳ አሁንም እቀናለሁ። የጥናቷን ቅጂ በስጦታ ሰጥታኛለች። ምስጋናው ላይ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ እስከ ዛሬ ከዚያ ገጽ አላለፍኩም።