በኩዌት ሙቀት ብርድ ልብስ የደረቡብኝ ቀን

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ክንዴ የራሰ ምንጣፍ ብቻውን ያነሳል፣ እግሬ ደረጃ አይፈራም፣ አፌ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬም ዝም ብዬ ብቀመጥ ወንበሩ ራሱ የሚቆረቁረኝ መሰለኝ፤ ለዚህ ነው እጄን ያወጣሁት። ወሬ እንደምወድ እዚህ ሐይቅ ከተማ የማያውቅ የለም። ይሄ ግን ሕይወቴ ነውና ታገሱኝ። በተለይ እናንተ ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ፓስፖርታችሁ የወጣላችሁ እህቶቼ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። ጌታን ላመሰግን ነው የቆምኩት፤ እናንተን ግን አንድ ሁለት ነገር ሳላስይዛችሁ አልቀመጥም።

እናቴን የማያውቅ ሰው ከአርዲቦ እስከ ውጫሌ ብትፈልጉ አታገኙም። የምች መድኃኒት አዋቂ ናት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ራሱን ሲፈልጠው፣ ገላው ሲግል እሷ ጋ ይመጣል። ከጓሮዋ ዳማከሴ ቀጥፋ ታሻለች፣ ጨምቃ ታጠጣለች፣ ገላውን ትቀባለች፣ ከዚያ ጋቢ በጋቢ ደራርባ ታስተኛለች። ነፋስ እንዳይገባ በሩን ትዘጋና ከደጃፉ ትቀመጣለች። በሽተኛው ላብ በላብ ሆኖ ሲነሳ «ይኸው ወጣልህ» ትላለች። እኔና ወንድሞቼ ያደግነው በዚያ መድኃኒት ነው። ወደ ኩዌት ስሄድም ቅጠሉን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በጨርቅ ሰፍታ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ።

ጌታን ያኔ አላውቀውም። ከእናቴ ጋር ግሸን ወጥቻለሁ፣ ተሳልሜያለሁ፤ ልቤ ግን የትም ብሄድ አብሮኝ አይሄድም ነበር። ልቤ አዲስ ስልክ ላይ ነበር፣ ሰው ምን ይለኛል ላይ ነበር። እግዚአብሔርን ብትጠይቁኝ አለ እላችኋለሁ፤ ስሜን ያውቃል ብትሉኝ ግን እስቅባችሁ ነበር።

ኩዌት የገባሁበት ቤት አልተስማማኝም፤ ወጣሁ። ሲወጡ ደግሞ መኖሪያ ፈቃዱ፣ እነሱ ኢቃማ የሚሉት፣ ከአሠሪው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ወረቀት የለኝም። አንዲት ክፍል ከሁለት ልጆች ጋር ተጋርቼ፣ በቀን ሥራ ቤት እያጸዳሁ እኖራለሁ። አንደኛዋ ዘይነባ የውጫሌ ልጅ ናት፤ እንደ እህቴ ናት፣ አረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ሁለተኛዋ ሰናይት የአዋሳ ልጅ ናት፤ ወረቀት ያላት፣ ዓርብ ዓርብ ከአማኞች ጋር የምትሰበሰብ። ምግብ ፊት ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ አታቆምም። ዘይነባ «ሰናይት፣ ያንቺ ጸሎት ሳያልቅ ሩዙ ያልቃል» ትላታለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሰናይትም ትስቃለች፤ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

አንድ የበጋ ዓርብ አንዲት ማዳም ሰገነት ላይ ምንጣፍ እንዳጥብላት ጠራችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ፀሐዩ እስኪበርድ ጠብቂ አለችኝ። እኔ ግን ኮራሁባት። የወሎ ልጅ ነኝ፣ ፀሐይ ላይ ነው ያደግሁት፣ የናንተ ፀሐይ ምን ያደርገኛል አልኩና ቀትር ላይ ወጣሁ። የሐይቅ ፀሐይ ከተራራው ንፋስ ጋር ነው የሚመጣው፤ ጥላ ስር ስትገቡ ይለቃችኋል። የኩዌቱ ጥላ ውስጥም ተከትሎ ይገባል፤ ንፋሱ ራሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል።

ውሃም አልጠጣሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እህቶቼ ይገባችኋል። መጸዳጃው ታች ነው፤ ለመውረድ ወንዶቹ በተቀመጡበት ሳሎን ማለፍ አለብኝ። አፈርኩ። ውሃ ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል ብዬ ምላሴ ከላንቃዬ እስኪጣበቅ ቻልኩት።

መጀመሪያ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፣ አቅለሸለሸኝ። በኋላ ላቤ ቀጥ አለ፤ ግንባሬን ብነካው ደረቅ ነው። እኔ ደስ አለኝ። አገሩን ለመድኩት ማለት ነው ብዬ ምንጣፌን ማሸት ቀጠልኩ። ልብ በሉ ቅዱሳን፣ ሞት አጠገቤ ቆሞ እኔ በጉብዝናዬ እደሰታለሁ።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ከዚህ ወዲያ ያለውን የነገሩኝ ሁለቱ ናቸው። ዘይነባ ዓይኔን አይታ ምች ነው አለች፤ ወላሂ ምች ነው። እሷስ ምን ታድርግ? ከልጅነቷ ያየችው ያንን ነው። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን ለእናቴ ደወለችላት። እናቴም ከአርዲቦ ዳር ሆና መድኃኒቱን አፍልተው እንዲያጠጡኝ፣ ኤሲ የሚሉትን ማቀዝቀዣ እንዲዘጉት፣ ደራርበው እንዲያለብሱኝ፣ ነፋስ የሚባል እንዳያገኘኝ አዘዘች። ዘይነባ የተባለችውን አደረገች። ኤሲውን ዘጋች፤ በመስኮቱ ስንጥቅ ጨርቅ ወተፈች፤ ብርድ ልብስ በላይ በላዩ ደረበችብኝ። «አብሽሪ አለምዬ፣ ላብ ካወጣሽ ትነሺያለሽ» እያለች ራሴን ይዛ ተቀመጠች። እኔ እየቃዠሁ የከብቶቻችንን ስም እየጠራሁ ነበር አሉ። አንዲቱን ላም በጣም ተቆጥቻታለሁ።

ሰናይት ከስብሰባ ስትመለስ ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ግሏል።

«ማን ነው እንዲህ ያለበሳት?» አለች።

«እናቷ ናት ያዘዘችው። አትንኪያት፤ ነፋስ ይመታታል።»

«እናቷ ሐይቅ ናት ዘይነባ። እኛ ያለነው ኩዌት ነው።»

ሰናይት ብርድ ልብሱን ስትገፍ ዘይነባ ጫፉን ይዛ መልሳ ትጎትታለች። ልትገድለኝ ፈልጋ እንዳይመስላችሁ፤ ልታድነኝ ነው። ሁለቱም ሊያድኑኝ ነው የሚጎተቱት። ሰናይት የዘይነባን እጅ ይዛ ደረቴ ላይ አስቀመጠችው። እስካሁን ቢያልባት ኖሮ ይሄ ሁሉ ልብስ በራሰ ነበር፣ ንኪያት፣ ጠብታ የላትም አለቻት። ዘይነባ ነካችኝ። ነክታኝ ብርድ ልብሱን ለቀቀች። ስሙ ይባረክ፤ እጇን ያላላ ጌታ ነው።

ሰናይት ከዚያ በፊት መንገድ ላይ በሙቀት የወደቀ ሠራተኛ ባለ ሱቆች ልብሱን አላልተው ውሃ ሲያፈሱበት አይታ ነበር። ግን የኩዌት በጋ የቧንቧው ውሃ ራሱ ያቃጥላል፤ ታንከሩን ጣራ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ስለዚህ ከፍሪጅ ያለውን ውሃ ሁሉ አውጥተው አንሶላ ነክረው አለበሱኝ፤ በረዶውን ብብቴና አንገቴ ስር አደረጉ፤ ኤሲውን ከፍተው በካርቶን አራገቡልኝ። ዘይነባ ሻይ በአፌ ልትጨምር ስትል ሰናይት ራሱን የሳተ ሰው ይታነቃል ብላ ከለከለቻት።

የቀረው ሐኪም ቤት ነው። እዚያ ላይ ዘይነባ ፈራች። አለም ወረቀት የላትም፣ ይይዟታል፣ ትታሰራለች አለች።

ሰናይት «ታስራ እንጠይቃታለን። ሞታ ምን ልናደርጋት ነው?» አለቻት።

ከዚያ ተንበረከከች። እንደ ሁልጊዜው ረጅም ጸሎት አልነበረም። «ኢየሱስ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ስጠን» ብላ ተነሳች። ዘይነባ በዚያ በሚያምር አረብኛዋ አምቡላንስ ጠርታ የሰፈሩንና የሕንፃውን አቅጣጫ ሳትሳሳት ተናገረች። አንዷ ጸለየች፣ አንዷ ደወለች። ክብር ለእርሱ ይሁን፤ ሁለቱንም ያስቀመጠልኝ እርሱ ነው።

ሐኪሙ ግብፃዊ ነበር። ይሄ ምች የምትሉት ሳይሆን ሙቀት ነው፤ ገላዋ ራሱን ማቀዝቀዝ አቅቶታል፣ በልብስ ስትሸፍኗት እሳቱን ውስጧ ቆለፋችሁበት አላቸው። ልትነቃም ላትነቃም ትችላለች፣ ብትነቃም ለኩላሊቷ እፈራለሁ አለ። ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል ሲባል ሰናይት እኔ ነኝ ተጠሪዋ ብላ የራሷን መታወቂያ አወጣች። ዘይነባ ከኮሪደሩ ጥግ ስካርቯን አንጥፋ ሰገደች፤ ሰናይት ግድግዳ ተደግፋ ጸለየች። ወረቀቴን የጠየቀም ነበረ፤ ያን ቀን ግን አልጋ እንጂ ካቴና አላዘጋጁልኝም።

ነቃሁ። ሃሌ ሉያ፣ ነቃሁ ወገኖቼ። ግን ሐኪሙ ገና አልሳቀም፤ ሽንት እየጠበቀ ነው። በመጨረሻ ነርሷ መጥታ መጣ አለች። ያን ጊዜ ሰናይት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጌታን አመሰገነች፣ ዘይነባ አልሐምዱሊላህ አለች፣ ሐኪሙም ሳቀ። እንግዲህ ሳቁብኝ፤ ሽንቷ መጣ ተብሎ እልል የተባለላት ሴት እኔ ነኝ። ሐኪሙ እንዲህ ሆኖ መጥቶ በእግሩ የወጣ ብዙ አላየሁም፣ አምላክሽን አመስግኚ አለኝ።

ትንሽ ስበረታ ሰናይትን ጠየቅኋት። ስስቅብሽ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንዴት ደፍረሽ ተጠሪ ሆንሽልኝ አልኳት።

«እኔም ተጠሪ የሆነልኝ አለ» አለችኝ። «ኢየሱስ። ዕዳዬ የሱ፣ ጥፋቴ የሱ አድርጎ ቆሞልኛል። አንቺ የማንም አይደለሁም ብለሽ ነው የምትኖሪው፤ እሱ ግን የኔ ናት ይልሻል።»

እኔም አፌ አያርፍም፤ ኢቃማ ይሰጣል ወይ አልኳት። ሳቀች። ቀኑን ሙሉ ግን ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣም። እዚያ አገር ያለ ተጠሪ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የኖረው ያውቀዋል፤ ፖሊስ ባየን ቁጥር ልባችን ይወርዳል። የኔ ናት የሚለኝ አለ ስትለኝ ውስጤ ተፈታ። ራእይ አላየሁም፣ መብራት አልበራልኝም። ግሉኮሱ ክንዴ ላይ እንደተሰካ፣ ጌታ ሆይ ተጠሪዬ ሁን አልኩት። ሆነልኝ። የኩዌት መንግሥት ወረቀት ለሌለን ምሕረት ባወጣ ጊዜም ሳልታሰር፣ ሳልዋረድ፣ ራሴን ቀና አድርጌ ወደ አገሬ ገባሁ።

ዛሬ ሱቄን ታውቁታላችሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ነው፣ ሻንጣና ልብስ እሸጣለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም። ነገር ግን ከዚህና ከአምባሰል ለመሄድ የተነሳች ልጅ ሻንጣ ልትገዛ መጥታ ምክር ሳልሰጣት አልሸኛትም። ከኩዌት፣ ከጅዳ፣ ከቤሩት እየደወሉ እንዲህ ሆንኩ ምን ላድርግ ይሉኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ማለት ግን እችላለሁ፣ ሄደውም የዳኑ አሉ። ኮራሁ አትበሉኝ። እሺ በሉኝ፣ ኮርቻለሁ፤ የኮራሁት በጌታ ነው።

እናንተም ስሙኝ። ሳይጠማችሁ ጠጡ። መጸዳጃ ቤት አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ገብታችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ይሁን። ሽንታችሁ ከጠቆረ ገላችሁ ውሃ እየጎደለው ነው። ቀትር ላይ ሰገነት አትውጡ፤ ማዳሟ ካዘዘች ዘወር በሉ፣ አመሻሽ ላይ በእጥፍ እሠራለሁ በሏት። ላብ እያለባችሁ ድንገት ከቆመ፣ ጓደኛችሁም መቀባጠር ከጀመረች አታልብሷት፤ አላሏት፣ አርጥቧት፣ አራግቡላት፣ አምቡላንስ ጥሩ። የምትኖሩበትን ሰፈርና የሕንፃውን ስም በአረብኛ መናገር ሳትችሉ አትደሩ። ከዚህ የተላከ መድኃኒት ስላለ ሐኪም አትተዉ። እስር ፈርታችሁም ሰው ክፍል ውስጥ አታስቀሩ።

ሌላውን ደግሞ ለሁላችሁም ነው የምለው። ያለ ተጠሪ አትኑሩ። እዚህ ሐይቅ ዳር የምትኖሩትም ብትሆኑ ያስፈልጋችኋል። እኔን በማላውቀው አገር፣ ወረቀት ሳይኖረኝ፣ ከብት እየጠራሁ ሳለሁ የኔ ናት ያለ ጌታ እናንተንም ይላችኋል። እመኑት። እኔ አምኜው አላሳፈረኝም፤ ዛሬም በፊታችሁ በሁለት እግሬ ቆሜያለሁ።

እናቴን ልንገራችሁና ልቀመጥ። ተመልሼ የሆነውን ስነግራት ከፋት። የኔ መድኃኒት ሰው ገድሎ አያውቅም አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስተንም አናውቅ። በእምነቴም ገና ደስ አላላትም። ባለፈው ወር የጎረቤታችን ልጅ ለመሄድ ስትነሳ ሰው ለሽኝት ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲጨርሱ እናቴ ሳይጠሯት ብድግ አለች። «የኛ ምች በልብስ ነው የሚወጣው» አለች። «የዚያ አገሩ ግን ልብስ አይወድም። እዚያ ከመታሽ ልብስሽን አላልተሽ በውሃ ነው፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ነው። ለኔ አትደውሉ።» ወደ እኔም አላየችም። ሄዳ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠችና ቃል በቃል ደግሚልኝ አለቻት። ልጅቷ ሳትሳሳት እስክትደግመው ድረስ ከጎኗ አልተነሳችም።