ካሩሴሉ በዞረ ቁጥር

ባለፈው ወር የቀበርናቸው አያቴ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ የመጣን ሰው ተቀምጠው ተቀብለው አያውቁም።

ልጅ ሳለሁ በየበጋው ኦስሎ ካለ አንድ መናፈሻ ይወስዱኝ ነበር። እዚያ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ካሩሴል አለ፤ የእንጨት ፈረሶቹ ልጆች ጭነው በሙዚቃ ይሽከረከራሉ። እኔ ቀዩ ፈረስ ላይ እወጣለሁ፤ አባባ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ፈረሴ ዞሮ ብቅ ባለ ቁጥር ግን ብድግ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አንስተው «ኖር» ይሉኛል። እኔም «በእግዜር» እያልኩ አልፋለሁ። ብሪን በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ዓመታት ሙሉ ቢሮ ሲያጸዱ ጉልበታቸው ተጎድቶ ስለነበር፣ በተነሱ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ። ዞሬ መምጣቴ እኮ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መጣሽ አይደል እንዴ? ታዲያ ተቀምጬ ልቀበልሽ?» አሉኝ፤ ቅር ብሏቸው።

በመጨረሻው ሳምንታቸው ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስገባ መነሳት አቃታቸው። አንገታቸውን ከትራሱ ትንሽ ቀና አድርገው፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ «ኖር» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ «በእግዜር» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

ትናንት ብቻዬን ካሩሴሉ ዘንድ ሄጄ የእሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ጥቂት ስለነበሩ ቀዩ ፈረስ ማንም ሳይቀመጥበት ዞሮ መጣ። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ኖር፣ አባባ።»

ፈረሱ ባዶውን አለፈ። ሙዚቃው እስኪያበቃ ድረስ መቀመጥ አቃተኝ።