የሊያን እርምጃ የነጠቀው መርፌ

መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት። ልጃችን ሊያ ከእናቷ ከሂሩት ጋር ቦርደዴ፣ የሂሩት አክስት ቤት ሄዳ ሳለ ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎ ትኩሳት መጣ። አገሩ ቆላ ነውና ወባ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። ሂሩት ክሎሮኪን ልትሰጣት ስትል አክስቷ ከለከሏት።

«ክኒን ምን ያደርጋል? መርፌ ካላገኘች አይለቃትም።»

ተጠርቶ የመጣውን ሰው ገበያተኛው «ዶክተር» ይለዋል። በየገበያው እየዞረ ይወጋል እንጂ ሕክምና አልተማረም። ይህን ያረጋገጥኩት በኋላ ነው። የኩዊኒን መርፌ ግራ መቀመጫዋ ላይ ወጋት። ጮኸች። ትኩሳቱ ወረደ። ጠዋት ስትነሣ ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ተንጠልጥሏል። ልትረግጥ ሞከረች። ወደቀች።

እኔ ለዜና ሥራ ገለምሶ ነበርኩ። ሂሩት ወዳደረሰቻት አሰበ ተፈሪ ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ምንም አልሸፋፈነልኝም።

«ከመቀመጫዋ ወደ እግሯ የሚወርደው ሳያቲክ ነርቯ ተጎድቷል። ከተቆረጠ አይመለስም። ካልተቆረጠ ቀስ ብሎ ይድናል። የትኛው እንደሆነ አሁን አላውቅም። ቁርጭምጭሚቷ እንዳይደርቅ ከዛሬ ጀምራችሁ አንቀሳቅሱላት።»

ወጊውን ፍለጋ ቦርደዴ ሄድኩ።

«አባቴ፣ እኔ የወጋሁት መቀመጫዋን ነው። እግሯን ምን አገባው?» ብሎ ሣቀ። አጠገቡ የነበሩትም ሣቁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቀበሌ ሄጄ «ፀረ አብዮት ነው» ብል ማስረጃ የሚጠይቀኝ አልነበረም። አላልኩም። አዝኜለት አይደለም። ባላደረገው ቢታሰር ያደረገው ይረሳለታል። እኔ የፈለግሁት በሠራው ሥራ እንዲታወቅ ነው።

ምን እንደወሰደብን አያውቅም። ሊያ መራመድ የተማረችው ባሕር ማዶ፣ ሶፊያ ከተማ፣ እኔና ሂሩት ተማሪዎች ሳለን፣ በተማሪዎች ማደሪያ ኮሪደር ነው። ውጭው በረዶ ስለሆነ ቬትናማዊው፣ የመናዊቷና አንጎላዊው ጎረቤቶቻችን በየበራቸው ቁጢጥ ብለው በየቋንቋቸው ይጠሯት፣ እሷም እየተንገዳገደች ከአንዱ እቅፍ ወደሌላው ትሄድ ነበር። የሕንፃው የጽዳት ሠራተኛ አሮጊት ባልዲያቸውን አስቀምጠው ያጨበጭቡና «ካልሲዋስ?» ብለው እኛን ይቆጣሉ፤ ከዚያ ራሳቸው የሠሩትን የሱፍ ካልሲ ይዘው ይመጣሉ። ኪሳችን ባዶ ነበር። እንደዚያ ግን ተደስተን አናውቅም።

አሰበ ተፈሪ እግሯን ወደ ላይ እየገፋሁ ሳንቀሳቅስ ስታለቅስ ሶፊያን አወራላት ነበር። «ቬትናማዊው እንዴት ነበር የሚጠራኝ?» ትለኛለች፤ እኔም ድምፄን አቅጥኜ ስጠራት ሥቃዩን ረስታ ትስቃለች፣ የሣቋን ጊዜ ተጠቅሜ እግሯን ትንሽ ጨምሬ እገፋዋለሁ።

የሥራ ጉዞዬ ወጊው በሚዞርባቸው ከተሞች ስለነበር በገበያ ቀን በሩ ላይ እቆም ጀመር።

«ኦቦ፣ አንተም መርፌ ፈልገህ ነው?» አለችኝ ልጇን ያዘለች ሴት።

«የለም እህቴ። የኔን ልጅ እግር ያሰነከለው ይህ ሰው ነው። ሐኪም አይደለም።»

ልጇን ዘወር ብላ አየችና ተመለሰች። ስትመለስ በተሰማኝ ደስታ ዛሬም አላፍርም።

«ሰውዬ፣ ሥራ የለህም?» አለኝ ወጊው።

«አሁን ሥራዬ አንተ ነህ።»

ወደ በደሳ ሸሸ፤ በደሳ ደረስኩበት። ገለምሶም እንደዚያው። በመጨረሻ በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ፤ መርፌውንም ተወ።

ሊያ አንድ ጠዋት አውራ ጣቷን አነቃነቀች። ሐኪሙ እግሯን አገላብጦ አይቶ «ነርቩ አልተቆረጠም» አለ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ግድግዳ ይዛ፣ ቀጥሎ የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ ኋላም ማንንም ሳትይዝ እስክትሄድ ድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ዛሬ ስትሮጥ ካልሆነ በቀር ማነከሷ አይታወቅም።

እውነቱን ሳይሸፍን ለነገረን ሐኪምና ሳትታክት እግሯን ላሸችው ለሂሩት ምስጋናዬ አያልቅም። ልጃችሁ የታመመባችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የሚዋጥ መድኃኒት ከበቃ መርፌ አትለምኑ። የሚወጋው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚወጋ፣ የት እንደተማረ ጠይቁ፤ ቢቆጣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከመርፌ በኋላ እግር ከተንጠለጠለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

«ከዳነች ይቅር በለው» የሚሉኝ አሉ፤ ይቅር አላልኩም። ወጊው አሁን ገለምሶ ጫት ይነግዳል። ሲያየኝ ፈጥኖ መንገድ ይሻገራል። ሁለቱም እግሮቹ ደህና ናቸው። እስኪያልፍ ቆሜ አያቸዋለሁ።