ያረጀው ልክ

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ የተመደብኩት ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ የማሽኖቹ መቁረጫዎች በሚሠሩበትና በሚጠገኑበት ክፍል ነበር። ጠዋት ሰርቪሱ ከደሴ ጉም ተነስቶ ቁልቁል ሲወርድ እንቅልፍና ንቃት ይምታቱብኛል። ጉሙ ከመስኮቱ ቀስ እያለ ይለቀናል፣ አየሩ ይሞቃል፤ ስንደርስ ከሌላ ሰው ሕልም ውስጥ የወረድኩ ይመስለኛል።

በክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ንግግሬ ከሰላምታ አያልፍም። ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖው ላይ የሚሠሩት አዛውንት ዝምታዬን ወደውት ነበር፤ ቢስሚላህ ብለው ማሽኑን ካስነሱ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም። ብረቱ ከቢላው ሥር እየተጠቀለለ፣ ሰማያዊ ሆኖ ሲወርድ ቆሜ ሳይ ሰዓቱ ይጠፋብኛል።

አንድ ቀን ለክዳን የሚሆነውን ክብ ቆርቆሮ የሚቆርጠው፣ መሐሉ የተበሳ ወፍራም ብረት ተሰነጠቀ። ለምትኩ የሚሆን ብረት በመጋዘን የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ መጠበቅ ነው። የተሰነጠቀውን ሦስት ጊዜ ለክቼ ንድፉን ሠራሁ። አዛውንቱ አዲሱን ብረት አስረው ቀዳዳውን ማስፋት ጀመሩ።

አሮጌው እጄ ላይ ነበር። ጣቴን በቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያ ሳስኬድ ልስላሴው ደስ አለኝ። ከዚያ ክው አልኩ። ጠርዙ ስለት አልነበረውም፤ ለዓመታት ተበልቶ ሰፍቷል። ያን ያህል ተጠንቅቄ የለካሁት መበላቱን ነው። አዲሱ አርጅቶ ሊወለድ ነው።

«አያ!» አልኩ። አልሰሙኝም። «አያ፣ ያቁሙት!»

በክፍሉ ያሉት ሁሉ ዞሩ። አዛውንቱ ማሽኑን አጠፉ።

«ሱብሃነላህ! ይህች ልጅ ድምፅ አላት እንዴ?»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አሮጌውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እኔስ ብሆን? ስንት ዓመት የማውቀውን ብረት ትቼ ወረቀት አምኜ!»

ከመሳቢያቸው አንድ ክብ ቆርቆሮ አወጡ፤ አሮጌው ብረት አዲስ ሳለ መጀመሪያ የቆረጠው ነው።

«ይኸን ለኪ።»

ለካሁ። ከንድፌ ያንሳል፤ እሳቸው ያሰፉት ቀዳዳ ደግሞ የዚህ ቆርቆሮ ልክ ላይም ገና አልደረሰም። ብረቱ ተርፏል።

ንድፉን አርሜ ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም።

«እዚሁ ቁሚና አንብቢልኝ። ጮክ አድርገሽ።»

አነበብኩ።

«አልሰማሁም፣ እቴ» አሉ እየሳቁ።

ደግሜ አነበብኩ። ድምፄ ከጣሪያው ቆርቆሮ ተመልሶ ወደ እኔ ሲመጣ ሰማሁት። እሳቸውም ማሽኑን አስነሱ።